ጥርሱ ገባ ማለት ዘጋ ማለት አይደለም

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ነው መጀመሪያ የሸተተው። የአክስቴ ልጅ ደወለልኝና «አያ፣ መኪናዋ ቤንዚን ቤንዚን ትለኛለች» አለ። «ቆማ ነው ወይስ ስትነዳት?» አልኩት። «ዳገቱ ላይ ስረግጣት ብቻ» አለኝ።

ይቺ «ስረግጣት ብቻ» የምትል ቃል ናት የያዝኩትን ቡና ያስጣለችኝ። ቆማ የምትሸት ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የሳልባትዮው (የነዳጅ ማጠራቀሚያው) ክዳን ይሆናል፣ ያረጀ የእንፋሎት ቱቦ ይሆናል፣ ሲቀዳ የፈሰሰም ይሆናል። ስትረገጥ ብቻ የምትሸት ከሆነ ግን ግፊት ሲጨምር የሚከፈት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚነፋ ዕቃ) ያላት መኪና ላይ ደግሞ ያ ቀዳዳ እንደ ፍም ከሚግል ብረት ሁለት ስንዝር አይርቅም። «አጥፋት፣ ዳር አስይዛት፣ ሲጋራ የያዘ ሰው አታስጠጋ፣ መጣሁ» ብዬ ባጃጅ ያዝኩ።

እኔ የውድድር መኪና ሰው አይደለሁም። መተማና ሁመራ፣ የሰሊጥ እርሻ ላይ የትራክተር ሃይድሮሊክ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን ግፊት ያለበት ፈሳሽ ሁሉም ጠባዩ አንድ ነው፤ ዘይትም ይሁን ቤንዚን መውጫ ካገኘ ይወጣል። ልዩነቱ ዘይቱ ልብስ ያበላሻል፣ ቤንዚኑ ቤት ያቃጥላል። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሁለት ልጆች ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ስለመጡብኝ ጉዳዩን ከነዝርዝሩ ልጽፈው ወሰንኩ።

መኪናዋ ቶዮታ ስታርሌት ናት። ሞተሩ 4ኢ-ኤፍቲኢ የሚባለው ነው፤ 1,331 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ ከፋብሪካው ቱርቦ ይዞ የመጣ። ጃፓን ውስጥ ግላንዛ ቪ በምትባለው ስታርሌት ላይ 135 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የወጣው ማለት ነው። ልጁ ይህ አልበቃውም። ቱርቦውን ከፍ ባለ ቀየረ፣ ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን ኢንጀክተሮችም በትልልቅ ለወጠ፣ ሳልባትዮው ውስጥ በሰዓት 255 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ከተተ። ምኞቱ 200 ፈረስ ነው። አልፈርድበትም። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው 78 በመቶ ገደማ ነው። ተራ ሞተር እዚህ ሲመጣ ሳይታመም ይደክማል፤ የሳሳው አየሩ ነው። ቱርቦ የሚመልሰው ያንን ነው፤ ስለዚህ ደጋ ላይ ቱርቦ መፈለግ ቅብጠት አይደለም። ቅብጠቱ የመጣው ከነዳጅ መስመሩ ላይ ነው።

ምን አድርጎ መሰላችሁ? ፋብሪካው ከሳልባትዮው እስከ ሞተሩ በመኪናዋ ሆድ ሥር ያዘረጋውን የብረት መስመር ፈቶ ጣለው። በምትኩ ሹሩባ የተሠራች የምትመስል የብረት ልባስ ያላት ቱቦ ዘረጋ። ጫፍ ጫፏ ላይ ቀይና ሰማያዊ የአሉሚኒየም ፊቲንግ (መገጣጠሚያ) አለባት። በእርግጥ ታምራለች፤ ኮፈኑ ሲከፈት ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሳታል። ፊቲንጎቹን አዲስ አበባ የሚኖር ጓደኛው በፌስታል ሞልቶ በአውቶቡስ ላከለት። ፌስታሉ ውስጥ ያሉት ግን ከአንድ ዘር አልነበሩም፤ ያኔ ማንም አላየውም።

መኪናዋን አስጎትተን ማራኪ አንድ ወዳጄ ጋራዥ አስገባናት። በሩ ላይ ቡና የሚያፈሉ እትዬ አሉ። ከሰላቸው ቀልቷል። «እትዬ፣ ዛሬ እባክዎ ወደ ማዶ ይበሉልን፣ ቤንዚን ልንፈታ ነው» አልኳቸው። «ደግሞ ልታቃጥሉን ነው!» አሉና ምድጃቸውን አንስተው ተሻገሩ። ረከቦቱን ለእኛ ልጆች አሸከሟቸው። ሁለት ባልዲ አሸዋ አስቀመጥን፣ የዱቄት ማጥፊያውን አቀረብን፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቀልን። ይሄን የምጽፈው ለወግ አይደለም። ቤንዚን ሲፈታ መስመሩ ውስጥ የቀረው ግፊት ፊት ላይ ይረጫል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጨርቅ ጠምጥሞ ቀስ ብሎ ማላላት ነው።

ቀዳዳ ፍለጋ ሞተር አይነሳም። በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1990ዎቹ ቶዮታዎች ኮፈን ሥር የምርመራ ሳጥን አላቸው። እዚያ ላይ ኤፍፒ እና ፕላስ ቢ የሚሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በሽቦ ስታገናኝና ቁልፉን ስትከፍት ሞተሩ ሳይነሳ ፓምፑ ብቻ ይዞራል። የባትሪውን ገመድ ስንመልስ ብልጭታ እንዳይኖር መጀመሪያ መገጣጠሚያዎቹን በሙሉ በጨርቅ አደረቅናቸው፣ አናፈስናቸው። ከዚያ የሕፃን ፓውደር አመጣሁና እያንዳንዷ ፊቲንግ ላይ ነሰነስኩ። ልጆቹ ሳቁብኝ። ፓምፑ አንድ ደቂቃ እንደዞረ ግን ሳቁ ቆመ። ነጩ ፓውደር የነዳጅ ማጣሪያው አፍ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ጠየመ። ቀጥሎ የኢንጀክተሮቹ ቧንቧ መግቢያ ላይ በቀጭን መስመር ራሰ። ሦስተኛው አንደኛው የቱቦ ጫፍ ላይ ነው፤ ቀለሙ ሳይቀየር ፓውደሩ ብቻ ተጣበቀ፣ ላብ እንደማለት። ደረቅ ቤንዚን የሚባል የለም፤ ላብ ነው ብለህ የምታልፈው ነገ ጠብታ ይሆናል።

ለምን ዳገት ላይ ብቻ ሸተተ? የነዳጅ ግፊት ማስተካከያው ወደ ሞተሩ አየር ማስገቢያ የምትሄድ ቀጭን ቱቦ አለችው። ባር የግፊት መለኪያ ነው፤ ቱርቦው 0.8 ባር ሲነፋ የነዳጁም ግፊት በዚያው ልክ ይወጣል፤ 3 ባር የነበረው 3.8 ይሆናል። ሜዳ ላይ በቀስታ ስትነዳ ደግሞ ከ3 በታች ነው። ፒያሳ ውስጥ ላዳ ታክሲ ተከትሎ ሲያዘግም የያዘ ፊቲንግ ዳገቱ ላይ የሚለቀው ለዚህ ነው። ስለዚህ «ሞተር አስነስቼ አየሁት፣ አይፈስም» የሚል ምርመራ ቱርቦ ላለው መኪና ምርመራ አይባልም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ማጣሪያው አፍ ላይ ያለው መቀየሪያ ፊቲንግ ከፌስታሉ አልነበረም። የሚሆን ስላጣ ልጁ እዚሁ ቶርኖ ቤት ሄዶ ያስቀረጸው ነው። ሥራው ንጹሕ ነው፤ እጅ ያለው ሰው የሠራው ነው። በአንድ በኩል ማጣሪያው ውስጥ ይገባል፤ በሌላው የቱቦዋ ዳዶ ይታሰርበታል። ልጁ «አያ፣ ይሄ እንኳን ጥብቅ ነው፣ ራሴ በቁልፍ አስሬዋለሁ» አለ። ፈታሁት። ዳዶው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች እየተንገዳገደ፣ እንደ ሰፊ ጫማ እየዋለለ ነው የሚዞረው። ከዚያ ወደ አራተኛው ዙር ሲደርስ በድንገት ጥርቅም ይላል። ልጁ «ጥብቅ» ያለው ይቺን ነው።

ካሊፐር አውጥቼ ለካሁ። የቶርኖው ፊቲንግ ጥርስ (ዳዶው እየተጠመዘዘ የሚገባበት) ውጩ 14 ሚሊሜትር ነው፣ ከጥርስ ጥርስ ደግሞ 1.5። የቱቦዋ ዳዶ ግን በኢንች የተሠራ ነው። መጠኑ ዳሽ 6 የሚባለው ነው፤ የዚህ ፊቲንግ ጥርሱ 9/16 ኢንች ነው፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 18 ጥርስ። ወደ ሚሊሜትር ሲመለስ ውፍረቱ 14.29፣ የጥርሱ ርቀት 1.41። ልዩነቱን እዩት፤ በውፍረት የፀጉር ያህል፣ በጥርስ ርቀት ከዚያም ያነሰ። ዓይን አይለየውም። እጅም አይለየውም፤ ሁለት ዙር ገብቷላ! ግን በያንዳንዱ ዙር ወደ 0.09 ሚሊ እየተጣላ ይሄድና አራትና አምስት ጥርስ ላይ ሲጠራቀም ጥርስ ከጥርስ ይነካከሳል። ዳዶው ጠበቀ። የጠበቀው ግን ጥርሱ ነው እንጂ መቀመጫው አይደለም፤ ቤንዚኑ የሚዘጋው ደግሞ መቀመጫው ላይ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የዚህ ሁሉ ጣጣ እንብርት እሱ ስለሆነ። ፊቲንግ የሚዘጋባቸው ቦታዎች የተለያዩ ናቸው። የቤታችን ውኃ ቧንቧ የሚዘጋው ጥርሱ ላይ ነው፤ ጥርሱ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ሲጠብቅ ይጨናነቃል፣ የቀረችውን ክፍተት ነጩ ቴፕ ይሞላታል። ዳሽ ፊቲንጎች ግን እንዲያ አይደሉም። ጫፋቸው ላይ ሾጣጣ አለ፤ ዳዶው ውስጥ ደግሞ ያንን ሾጣጣ የሚቀበል ጉድጓድ አለ። ብረት በብረት ላይ ተጭኖ ነው የሚዘጋው። የጥርሱ ሥራ መጎተት ብቻ ነው። ሦስተኛው ዓይነት በቀለበት ይዘጋል፤ በመዳብ፣ በአሉሚኒየም ወይም በጎማ ኦሪንግ። እሱም ላይ ጥርሱ መጎተት እንጂ መዝጋት አያውቅም። እንግዲህ ፊቲንግ ገዝቶ መግጠም የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጥርሱ ይገባል?» ሳይሆን «የሚዘጋው የቱ ጋ ነው?» መሆን ነበረበት። የእኛ ልጅ አልጠየቀም። ሲያንጠባጥብበት ምን አደረገ? ነጩን የቧንቧ ቴፕ ጠመጠመበት። ሾጣጣ ያለው ፊቲንግ ላይ ቴፕ ምንም አይዘጋም፤ ይልቁንም ክሩ እየተቆረጠ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ከማጣሪያው በፊት ከሆነ ማጣሪያው ይይዘዋል። ከማጣሪያው በኋላ ያለው ላይም ጠምጥሞ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ኢንጀክተር ብቻ ነው።

የሾጣጣው ማዕዘንም የራሱ ጉድ ነበረው። ዳሽ ፊቲንግ 37 ዲግሪ ነው። የመኪና ፍሬን ቱቦ አፉ የሚከፈተው ብዙ ጊዜ በ45 ዲግሪ ነው። ቶርኖ ቤቱ ያሉት ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን የፍሬን ቱቦ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ሾጣጣ ሲባሉ 45 አወጡ። እንዴት አወቅሁ? ሾጣጣው ላይ ሰማያዊ ማርከር ቀባሁ፣ ዳዶው በትክክል የሚገባበትን ሌላ የዳሽ 6 ናሙና አጠገቡ አስቀምጬ የሱንም ቀባሁ። ሁለቱን ከጉድጓዱ ጋር በእጄ ጫን አድርጌ አዟዟርኳቸው። ትክክለኛው ላይ ማርከሩ በመሐሉ ዙሪያውን እኩል እንደ ቀለበት ለቀቀ። የጋሼ ላይ የለቀቀው ጠርዙ ላይ ብቻ ነው፤ ያውም ዙሪያውን ሳይሆን እንደ ግማሽ ጨረቃ። ይቺን ለማየት የሚያስፈልገው የአንድ ማርከር ዋጋ ነው።

ሌሎቹን ሁለቱን ቶሎ ልበላቸው። የኢንጀክተሮቹ ቧንቧ መግቢያ ላይ ቶዮታ ኤም 12 በ1.25 ብሎን (ውፍረቱ 12 ሚሊ፣ የጥርሱ ርቀት 1.25) ነው ያደረገው፤ የሚዘጋው በቀለበት ነው። መቀየሪያው ጥርሱ ትክክል ነበር፤ ቀለበቱ ግን አሮጌው ነው፣ አንዴ የተጨፈለቀ። የተጨፈለቀ ቀለበት ፊቱ ላይ የድሮው ብሎን የተወለት ክብ ጠባሳ አለ፤ አዲሱ ፊቲንግ እዚያው ጠባሳ ላይ አይቀመጥም። አዲስ ማግኘት ካልተቻለ መዳቡን እስኪቀላ አግሎ ውኃ ውስጥ መክተት ይለሰልሰዋል፤ የድሮ መካኒኮች ሁሉ ያደርጉታል፣ ይሠራልም። አሉሚኒየም ከሆነ ግን ጣለው።

የቱቦው ጫፍ ደግሞ የፌስታሉ ጉድ ነው። ሹሩባ ለባሽ ቱቦ ከውጭ ሲታይ አንድ ነው፤ ውስጡ ግን አንዱ ጎማ ነው፣ ሌላው ቴፍሎን። ለጎማው የተሠራው ጫፍ ጎማውን ጨምቆ ይይዛል። ቴፍሎን ግን ደረቅ ነው፣ አይጨመቅም፤ ስለዚህ ጫፉ ውስጥ የምትገባ ትንሽ የነሐስ ቀለበት ይፈልጋል፤ ፈረንጆቹ የወይራ ፍሬ ብለው ይጠሯታል፣ እውነትም ትመስላለች። ልጁ ቴፍሎን ቱቦ ላይ የጎማ ጫፍ ገጥሟል። የያዘው ሹሩባው ብቻ ነው። ጎተት ሳደርገው ሁለት ሚሊ ያህል ወጣ። ይሄኛው ከሁሉም ይልቅ አስደነገጠኝ፤ ማጣሪያው ያንጠባጥባል፣ ይሄ ግን አንድ ቀን ብትን ብሎ ይወጣል። ያን ቀን ደግሞ ፓምፑ በደቂቃ አራት ሊትር ቱርቦው ላይ ያፈሳል።

በዚህ መሐል ልጁ የራሱን መፍትሔ ይዞ መጣ። «ዳሽ 6 ስላነሰ ነው፣ ዳሽ 8 እናድርገው» አለ። ፌስታሉ ውስጥ ዳሽ 8ም ነበር፤ ከሁሉ ያማሩት እነሱ ናቸው። ቁጥሩ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም ነበር። የ16 ክፋይ ነው፤ ዳሽ 6 ማለት 6/16 ኢንች ውፍረት ላለው ቧንቧ፣ ዳሽ 8 ማለት 8/16 ለሆነው። ስያሜው ከአሜሪካ ምድር ጦርና ባሕር ኃይል የአውሮፕላን ዕቃዎች ነው የመጣው። ቁጭ ብለን አሰላነው። ቱርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ለአንድ ፈረስ በሰዓት 0.27 ኪሎ ገደማ ቤንዚን ይበላል። 200 ፈረስ 54 ኪሎ ይሆናል፤ ወደ 73 ሊትር ማለት ነው፣ በደቂቃ አንድ ሊትር ከሩብ እንኳ አይሞላም። የዚህች መኪና መስመር የተረፈውን ቤንዚን ወደ ሳልባትዮው የሚወስድ መመለሻ ስላለው ፓምፑ የሚገፋው ሁሉ ያልፍበታል፤ እሱን እንኳ ብንቆጥር በደቂቃ ከአራት ሊትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ይሄንን ፋብሪካው የሠራው 8 ሚሊ የብረት መስመር ሳይጨነቅ ያስተናግደዋል። ዳሽ 6 ይተርፈዋል። ዳሽ 8 ጥቅሙ መዞሪያ ላይ አልታጠፍ ብሎ ከሞተሩ ጋር መታገል ብቻ ነው። «ታዲያ ለምን ይሸጡታል?» አለኝ። ለ600 ፈረስ ነዋ፣ ወንድምዓለም።

ውሳኔያችን ልጁን ደስ አላሰኘም። የተጣለውን የብረት መስመር ፈልግ አልኩት። ዕድሜ ለእናቱ፣ ብረት አይጣልም ብለው የዶሮ ቤት ጣሪያ ሥር ሰክተውት ነበር። ጫፎቹን በካሮሲን አጠብን፣ ውስጡን አየር ነፋንበት፣ መልሰን ሆዷ ሥር አሰርነው። የራሱ ዳዶና የራሱ አፍ ስላለው ማጣሪያው ውስጥ ያለምንም መቀየሪያ ገባ። የቶርኖው ፊቲንግ ሥራ አጣ። የመገጣጠሚያው ቁጥር ከ11 ወደ 5 ወረደ። ሹሩባዋ ቱቦ የቀረችው ከማጣሪያው እስከ ሞተሩ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ስለሚንቀጠቀጥ እዚያ ላይ የሚታጠፍ ነገር ያስፈልጋል።

ለዚያች አጭር ቱቦ የሚሆኑትን ጫፎች እዚህ ከተማ አላገኘናቸውም። በትክክል ጽፈን ላክን፦ ዳሽ 6፣ ለቴፍሎን ቱቦ፣ ወይራዋ ያለችው፤ ሁለት መቀየሪያ፣ ከኤም 12 በ1.25 ወደ ዳሽ 6፤ የመዳብ ቀለበት ስምንት። ፎቶም አያይዘን። ሁለት ሳምንት ፈጀ። ዋጋው ግን የመጀመሪያውን ፌስታል ሲሶ አልደረሰም። አንዷን ክርን ፊቲንግ ደግሞ እዚሁ ጎንደር፣ የሃይድሮሊክ ቱቦ የሚጨምቅ ሱቅ አገኘኋት። ይሄንን ብዙ ሰው አያውቅም፦ የትራክተርና የሎደር ጄአይሲ የሚባለው ፊቲንግ ማዕዘኑም 37 ዲግሪ ነው፣ ዳሽ 6 ላይ ጥርሱም ያው 9/16 ባለ 18 ነው። ብረት ስለሆነ ይከብዳል፣ ቀለም የለውም፣ ግን ይዘጋል። ባለሱቁ «ቱቦውንም እኔው ልጭመቅልህ» ቢለኝ እምቢ አልኩት። የሃይድሮሊክ ቱቦ የሚችለው ግፊት ከእኛ 50 እጥፍ ቢሆንም ውስጡ ያለው ጎማ የተሠራው ለዘይት ነው። ቤንዚን ሲያድርበት ያብጣል፣ ይፈረፈራል።

ቴፍሎኗን ስንቆርጥ መቁረጫው ቦታ ላይ ቴፕ ጠቅልለን በጥርሰ ደቃቅ መጋዝ ቆረጥን። ሹሩባው ከተበተነ እጅ ይወጋል፤ የበተነው እኔ ነኝ፣ የተወጋሁትም እኔው። ወይራዋን ቴፍሎኑ ላይ ስታስገባ አንዲት የብረት ክር እንኳ በመሐል ብትገባ እዚያው ያንጠባጥባል። በእጅ ባትሪ አብርቼ ሁለቴ አየሁ፤ በሁለተኛው አንድ ክር አገኘሁ። ጥርሱ ላይ ጠብታ ዘይት፣ በሁለት ቁልፍ፣ አንዱ ይዞ ሌላው እያዞረ። በእጅ እስኪቆም፣ ከዚያ የዳዶው ስድስት ገጽ አንዱን ያህል። አሉሚኒየም ነው፣ ጉልበት አይወድም። ሹሩባው የሚነካውን ሁሉ እንደ ሞረድ ስለሚበላ ቀበቶና ሽቦ አጠገብ የሚያልፍበትን የጎማ ሽፋን አለበስነው።

ከዚያ ሙከራ። ፓምፑን ብቻ አዙረን መለኪያው 3 ባር ላይ ቆመ። የመመለሻውን ጎማ በፒንሳ በጨርቅ ላይ ቀስ ብዬ ጫን ሳደርገው 5 ባር ደረሰ፤ ለአምስት ሰከንድ ያህል ያዝኩት። ፓውደሩ እንደ ነጣ ቀረ። እትዬ ከማዶ «አለቀ ወይ?» አሉ። አለቀ አልን። አላለቀም።

መለኪያውን መስታወቱ ላይ፣ በውጭ በኩል አስረን ወደ ኮሶዬ ወጣን። መንገዱ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፤ ዳገት ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ረጅም ነው። ልጁ ረገጣት። ቱርቦው 0.8 አለ። የነዳጁ መለኪያ 3.8 ማለት ሲገባው 3.4 ላይ ተንቀጠቀጠና ወደ 3.2 ወረደ። ሽታ የለም፣ ጠብታ የለም፣ ፓውደሩ ደረቅ ነው። እግርህን አንሳ አልኩት። ነዳጅ እያነሰ በሚነፋ ቱርቦ የሚቀልጠው ፒስተን ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኤሌክትሪኩን ነበር። ፓምፑ ጫፍ ላይ ለካሁ፤ ሞተሩ እየሠራ ከ13 ቮልት በላይ አለው። ማጣሪያው አዲስ ነው። የቀረው ሳልባትዮው ውስጥ ያለው ነው። የኋላ ወንበሩን አንስተን ክዳኑን ከፈትን፣ ፓምፑን ከነማንጠልጠያው አወጣነው። እነሆ። ፓምፑን ከማንጠልጠያው ቧንቧ ጋር የምታገናኘው፣ ጣት የምታክል ቁራጭ ጎማ አብጣ፣ እንደ ውኃ የነካው ብስኩት ለስልሳ፣ ጎኗ ላይ ረጅም ስንጥቅ አለባት። ማሰሪያው ደግሞ ወንፊት የመሰለው ተራ ክላምፕ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ጎማውን ከትፈውታል። ግፊት ሲመጣ ቤንዚኑ በስንጥቁ ወጥቶ እዚያው ሳልባትዮው ውስጥ ይመለሳል። በውጭ ማን ያየዋል?

ልጁ «የነዳጅ ቱቦ ነው ብለው ነው የሸጡልኝ» አለ። እውነታቸውን ነው። የነዳጅ ቱቦ ነው፤ ለካርቡራቶር። ጎኑ ላይ ጄ30አር7 የሚለው ለዝቅተኛ ግፊት ነው፤ ጄ30አር9 የሚለው ለኢንጀክተር ነው። ሁለቱም ግን ቤንዚን በውስጣቸው እንዲያልፍ እንጂ ቤንዚን ውስጥ ተነክረው እንዲኖሩ አልተሠሩም። ሳልባትዮ ውስጥ የሚገባው ጄ30አር10 ነው። ዋጋው ውድ ስለሆነ በሴንቲሜትር ነው የሚሸጠው። ጽሑፍ የሌለበት ቱቦ ሲያጋጥማችሁ ደግሞ ለውኃ ማጠጫ ይሁን። አሥር ሳንቲሜትር አስመጣን፣ ዙሪያውን እኩል የሚይዝ ክላምፕ አደረግንበት፣ መልሰን ዘጋን።

ሁለተኛው የኮሶዬ ጉዞ እሑድ ጠዋት ነበር። 0.8፣ 3.8። 0.8፣ 3.8። መርፌዋ ተቸነከረች። ከኮሶዬ መልስ ልጁ ዘፈን ከፈተ።

የቶርኖውን ፊቲንግ ይዤ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ልወቅሳቸው አልነበረም፤ የነገሯቸውን ነው የሠሩት። ከጥርስ መለኪያው ጋር አስጠግቼ ብርሃን ላይ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። በሁለቱ ጥርሶች መሐል የምታበራውን ቀጭን ብርሃን ሲያዩ ዝም አሉ። «እኔ እኮ ካሊፐሩ 14 ሲለኝ 14 ነው ብዬ ነው» አሉ። ቀጥለው «ይሄ የኢንች መለኪያ ከየት ይገኛል?» አሉኝ። የኔን ትቼላቸው መጣሁ።

መኪናዋ ላይ አንድ ያልጨረስነው አለ። ቀጭኑ የመመለሻ መስመር ለትልቁ ፓምፕ ጠበብ ይላል፤ ሞተሩ ቆሞ ፓምፑ ብቻ ሲዞር ግፊቱ ከ3 ወደ 3.1 ይሸሻል። ለአሁኑ የሞተሩ ኮምፒውተር ችሎታል። ከክረምት በፊት እናየዋለን ተባብለናል። ልጁ ያቺን ዳሽ 8 ለመመለሻው ልግጠማት እያለ ነው።